ከስትሮክ በኋላ ትከሻን ማትረፍ፦ ቤት ውስጥ ለሚያስታምሙ ዝርዝር መመሪያ

ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። አባወራው ስትሮክ መቷቸው ከሆስፒታል ከወጡ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ሶፋው ላይ ደገፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ ግራ እጃቸው ከጭናቸው ወርዶ ተንጠልጥሏል። በሩ ተንኳኳና ከገጠር የመጣ ዘመድ ገባ። «እግዜር ይማርህ ወንድሜ!» አለና ያንኑ የዛለውን እጅ ጨብጦ፣ ሳብ አድርጎ አስነስቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጨት ገጨት አደረጋቸው። እሳቸው ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። ዘመድየው የናፍቆት መሰለው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ እጃቸውን ማንም እንዲነካባቸው አይፈቅዱም ነበር። ሸሚዝ ለማልበስ እንኳ ልጃቸው ትለማመጣቸዋለች። «ስትሮኩ ያመጣው ነው» አለችኝ። ግማሹ እውነት ነው። ጡንቻውን ያዛለው ስትሮኩ ነው፤ ትከሻውን ያቆሰለው ግን በአብዛኛው የጠያቂው፣ የደጋፊውና የአንሺው እጅ ነው። አንዳንዴም የባለሙያው እጅ ይጨመርበታል፤ የኔን ጥፋት ወደ ኋላ እናገራለሁ።

በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላንና በኮዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ፊዚዮቴራፒ ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ይህን ነው። ነገሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። 327 የስትሮክ ታማሚዎችን ተከታትሎ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የስዊድን ጥናት፣ ሲሶ የሚጠጉት የትከሻ ሕመም እንደያዛቸው አግኝቷል። አልጋው በቁልፍ ከፍና ዝቅ በሚልበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ገምቱት።

ደረጃ 1፦ ትከሻ በምን ቆሞ እንደሚውል ዕወቁ

ይህን ከተረዳችሁ ከታች ያለውን ሁሉ ሳትሸመድዱት ታደርጉታላችሁ።

የዳሌ መገጣጠሚያ ሙቀጫ ውስጥ እንደገባ ዘነዘና ነው፤ አጥንቱ ጠልቆ ተቀምጧል። የትከሻው እንደዚያ አይደለም። የክንዱ አጥንት ራስ ድቡልቡልና ትልቅ፣ የሚያርፍበት ጉድጓድ ደግሞ ትንሽና ጠፍጣፋ ነው፤ የስኒ ማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ ብርቱካን በሉት። እጃችንን እንደልባችን የምናዞረውም ለዚህ ነው። ብርቱካኑ እንዳይንከባለል ዙሪያውን አቅፈው የሚይዙት ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። እነሱ ሲዝሉ ያዡ ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ክብደቱን አስቡ። የአንድ ሰው ክንድ ከነእጁ ከሰውነቱ ክብደት 5 በመቶ ገደማ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሦስት ኪሎ ያህል ነገር ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ሦስት ኪሎ ዱቄት በፌስታል እንደማለት። ጡንቻው በዛለባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ክብደት መገጣጠሚያውን የሸፈነውን ከረጢትና ጅማቱን ቀስ በቀስ ይለጥጠዋል፤ የክንዱ ራስም ከቦታው ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ እጁን የሚጎትት ሰው የሚጎትተው ጅማቱን ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ትከሻው ዝቅ ያለ ሁሉ አያመውም፤ ያመመው ሁሉም ትከሻው ዝቅ አላለም። ክፍተት አይታችሁ አትደንግጡ፣ ክፍተት ስላላያችሁም አትዘናጉ።

ደረጃ 2፦ የእናንተ ሰው ምን ያህል እንደሚያሰጋው መዝኑ

ሰዓቱን የጠዋት አድርጉት፤ ታማሚው ዕረፍት አድርጎ፣ ሰው ሳይበዛ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

መጀመሪያ አቅሙን ፈትሹ። «እስቲ እጅህን ከጭንህ ላይ አንሳው» በሉት። ጨርሶ ካልተነሳ ስጋቱ ከፍተኛ ነው። ከሁሉም የአደጋ ምልክቶች አንዱን ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው፤ ክንዱ በዛለ ቁጥር ትከሻው ጠባቂ ያጣል።

ቀጥሎ ስሜቱን። ዓይኑን ጨፍኖ ክንዱን በጣታችሁ ዳበስ አድርጉና የት እንደነካችሁት ጠይቁት። የማይሰማው ሰው እጁ ከሰውነቱ ሥር ተጣጥፎ ቢተኛ፣ በር ቢቆነጥጠው አያውቅም። ከዚህ የባሰው ደግሞ አእምሮው ያንን ጎን ጨርሶ የረሳው ነው። ይህ በተለይ የቀኝ አንጎል ተጎድቶ ግራ ጎን ሲዝል ይበዛል። ከሳህኑ የቀኙን እንጀራ ብቻ በልቶ የግራውን የሚተው፣ ከግራ ሲጠሩት የማይዞር ሰው ካያችሁ ትከሻውን የሚጠብቁለት እናንተ ናችሁ፤ እሱ አያስታውሰውም።

ሦስተኛው ፍተሻ ማንም ቤት አይደረግም፤ እኔ ግን ብዙ የሚናገር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ታማሚው በጀርባው ተኝቶ ክርኑን ከጎኑ ጋር አስጠጉና አጥፉት። ከዚያ ክርኑ ከጎኑ ሳይለቅ ክንዱን እንደ በር ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ክፈቱት። ከደህናው ጎን ጋር አነጻጽሩ። የተጎዳው ቀድሞ ከቆመ ወይም ካመመው ትከሻው መድረቅ ጀምሯል። በዚህ አቅጣጫ መክፈት አለመቻል ብዙ ጊዜ ከሕመሙ ቀድሞ ይመጣል፤ በየሳምንቱ አንድ ቀን መርጣችሁ መዝግቡት።

ከዚያ ጠይቁ። ስኳር አለበት? የስኳር ሕመምተኛ ትከሻ ስትሮክ ባይኖርም ለመድረቅ ይቸኩላል። ድሮ ወድቆ፣ ወልቆ ወይም ተሰብሮ ያውቃል? ዕድሜውን ሸክም ሲሸከም፣ እንጨት ሲፈልጥ የኖረ ሰው ጅማቱ ከስትሮኩ በፊትም የሳሳ ሊሆን ይችላል። ክንዱ ወደ ደረቱ እየተጠማዘዘ፣ ክርኑ እየታጠፈ፣ ጣቶቹ እየጨበጡ መጥተዋል? ያ ዝለቱ አልፎ ግትርነት እየተተካ መሆኑ ነው፤ ግትር ጡንቻም ትከሻን ወደ ውስጥ ጎትቶ ያሳምማል።

መጨረሻ ላይ፦ መናገር ይችላል? ንግግሩ የጠፋበት ሰው «አመመኝ» አይልም። ፊቱን አንብቡ፤ ሲያለብሱት ግንባሩን ይቋጥራል፣ ደህናውን እጁን ልኮ ትከሻውን ይከላከላል፣ ሌሊት ይቃዣል።

ከእነዚህ ሁለት ሦስቱን ካገኛችሁ ሕመም እስኪመጣ አትጠብቁ። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሳይሆን ሳምንታትና ወራት ቆይቶ፣ ሁሉም ሰው «አሁንማ ተሻለው» ባለበት ሰዓት ነው።

ደረጃ 3፦ አንድ ቀን ሙሉ እጁን የሚነካውን ሁሉ ቁጠሩ

ከመድኃኒትም ከስፖርትም በፊት ይህን አድርጉ። ከጠዋት እስከ ማታ ያንን እጅ ማን ያዘው? ለምን ያዘው? ከየት ያዘው? ገላን ውስጥ አንዲት እናት ቤት ስንቆጥር አሥራ አራት ጊዜ ደረስን። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ ጉተታ ነበር፤ ከአልጋ ሲነሱ፣ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ፣ ከበርጩማ ሲነሱ፣ ልጅ ሲጫወትባቸው፣ ጠያቂ ሲጨብጣቸው። የቤተሰቡ ሰዎች በራሳቸው ደነገጡ። አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም።

ጠያቂውን በተመለከተ ቆርጣችሁ ወስኑ። የኛ ሰው ታማሚ ሳይጨብጥና ሳይስም አይሄድም፤ «እጁን አትንኩ» ማለት ነውር ይመስለናል። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ የታማሚው መቀመጫ የተጎዳው ጎኑ ወደ ግድግዳ፣ ደህናው ወደ በር እንዲሆን አደርጋለሁ። ጠያቂ ሳያስበው ደህናውን ይጨብጣል። (የተጎዳውን ጎን ለሚረሳ ሰው ግን ቤተሰቡ ራሱ ቀኑን ሙሉ በደህናው በኩል አይቀመጥ። በተጎዳው በኩል ቀርቦ ያጫውተው፤ አእምሮው ያንን ጎን እንዲያስታውስ።) በሩ ላይም በትልቁ ይጻፍ፦ «ግራ እጃቸውን አይጎትቱ። በቀኝ ይጨብጡ።» ወረቀት ይሉኝታ አያውቅም።

ክሊኒክ ስትሄዱም አትርሱ። ደም ግፊት ሲለካ፣ ግሉኮስ ሲሰቀል ደህናውን እጅ እንዲጠቀሙ ነርሷን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ አተኛኘት

ቀኑን ሁሉም ያየዋል፤ ሌሊቱን ግን ማንም አያየውም። ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ለአልጋ ቁስልም ለትከሻም ነው።

በጀርባው ሲተኛ የተጎዳው ትከሻ ወደ ኋላ ይሰምጣል። ስስ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ከጀርባ በኩል ካለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ሥር እስከ እጁ ድረስ አንጥፉ፤ ክንዱ ከጎኑ ራቅ ብሎ፣ ከአልጋው ትንሽ ከፍ ብሎ ይረፍ። በደህናው ጎኑ ሲተኛ ደረቱ ፊት ለፊት ሁለት ትራስ ደርድሩና የተጎዳውን ክንድ ሙሉውን ጫኑበት፤ አንጓው ከትራሱ ጫፍ ወርዶ አይንጠልጠል።

በተጎዳው ጎን መተኛት ይፈራል፤ ነገር ግን በትክክል ከተደረገ ጥሩ ነው። ምስጢሩ አንድ ነው፦ እጃችሁን ከጀርባው ሥር አስገቡና ያንን ጠፍጣፋ አጥንት ወደ ፊት አምጡት፤ ክብደቱ በትከሻው ጫፍ ላይ ሳይሆን በአጥንቱ ገበታ ላይ ይረፍ። እጁን ይዛችሁ ወደ ፊት አትሳቡት። አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ጠይቁ፤ ካመመው መልሱት።

በተጨማሪም በጀርባው ተኝቶ ክንዱን በደረጃ 2 እንዳደረግነው ወደ ውጭ ከፍታችሁ፣ ከክንዱ በታች ትራስ አድርጋችሁ፣ ሕመም በሌለበት ልክ ቀን በቀን ለ30 ደቂቃ አቆዩት። በዚህ ልክ የተደረገ አቀማመጥ ትከሻው ወደ ውስጥ ደርቆ እንዳይቀር እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል። ዜና እስኪያልቅ ነው፤ ሬዲዮ ክፈቱለት።

ደረጃ 5፦ አቀማመጥ

የሚሰምጥ ሶፋ ጠላት ነው። ክንድ ማስደገፊያ ያለው ጠንከር ያለ ወንበር ይሻላል፤ ተራው የፕላስቲክ ወንበር እንኳ ከሶፋ ይበልጣል። ከፊቱ ጠረጴዛ፣ ካልሆነም ጭኑ ላይ ትራስ አድርጉና ክርኑ እንዲያርፍ አድርጉ። ፊት ለፊት ቆማችሁ ሁለቱን ትከሻ እዩ፤ ካልተስተካከሉ ትራሱን ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ክንዱ ተንጠልጥሎ ቡና ተፈልቶ እስኪያልቅ ከተቀመጠ፣ ያ ሦስት ኪሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጎትቶታል ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ማንሳት፣ ደረጃ መውረድ፣ ታክሲ መሳፈር

ትከሻ የሚጠፋው በአብዛኛው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

የሁላችንም ልማድ በብብት ሥር ገብቶ ማንሳት ነው። ለሰካራም፣ ለልጅ፣ ለአዛውንት እንዲሁ እናደርጋለን። የዛለ ትከሻ ላይ ግን ሰውነቱ ሁሉ ወደ ታች ሲወርድ የክንዱ ራስ ወደ ላይ ተገፍቶ ጅማቱን ከላይኛው አጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ክንዱን የደጋፊው አንገት ላይ ጠምጥሞ ማቆምም ያው ነው። ሁለቱንም ከቤታችሁ አውጡ።

በምትኩ ወገቡን ያዙ። ሰፊ ቀበቶ ካለ እሰየው፤ ከሌለ የእናቶች መቀነት ወይም የተጠማዘዘ ወፍራም ነጠላ ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከዚያ፦

መቀመጫው ጫፍ ድረስ ይምጣ። እግሮቹ መሬት ረግጠው ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይግቡ። የተጎዳውን እጁን በደህናው እጁ ይያዘው፤ ወይም እናንተ ክርኑን ከሥር ደግፉት። እናንተ በተጎዳው ጎን ፊት ለፊት ሆናችሁ ጉልበታችሁን ጉልበቱ ላይ አስደግፉ፤ እንዳይከዳው። ሁለታችሁም በአንድ ላይ ቁጠሩ፤ በሦስት ላይ እሱ ለመስገድ እንደሚያጎነብስ ሰው ደረቱን ወደ ፊት ይጣል፣ እናንተ ወገቡን ወደ ፊትና ወደ ላይ አምጡት። ሰው የሚነሳው ጎንበስ ብሎ ነው። ቀጥ ብሎ ከተቀመጠበት ሊያነሱት የሚታገሉ ሰዎች ናቸው ኋላ እጁን የሚጎትቱት።

መቀመጫው ዝቅ ባለ ቁጥር መጎተቱ ይበዛል። መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ ማስተኛትና በርጩማ ላይ ማስቀመጥ ይቅር። አልጋው ካጠረ ከእግሮቹ ሥር እኩል የሆኑ ጠንካራ ጣውላዎች አድርጋችሁ፣ እንዳይንሸራተት አጥብቃችሁ፣ ታማሚው ሲቀመጥ ጉልበቱ ከዳሌው ትንሽ ዝቅ እስኪል ከፍ አድርጉት። ከአንድ ወር ወጌሻ የአንድ ቀን አናጺ ይሻላል።

ኮንዶሚኒየም ደረጃው ሌላ ጣጣ ነው። ለክትትል ቀን ከአራተኛ ፎቅ የሚወርድ ሰው ሁለት ጎረምሶች በብብትና በእግር ተሸክመው ሲያወርዱት አይቻለሁ። ጠንካራ የእንጨት ወንበር ፈልጉ፤ አስቀምጡት፤ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጋችሁ ደረቱንና ወገቡን በነጠላ ከወንበሩ ጋር ሸብ አድርጉ። አንዱ ሰው የወንበሩን መደገፊያ ከኋላ፣ ሌላው የወንበሩን የፊት እግሮች ይዞ፣ ታማሚው ፊቱን ወደ መውረጃው አድርጎ እንደተቀመጠ ይውረዱ። ክንዱ ከወንበሩ ወጥቶ የደረጃውን ብረት እንዳይመታ አንድ ሰው ከጎን ይይ። አድካሚ ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮዎችን በአንድ ቀን ለማድረግ ሞክሩ።

ታክሲ ላይ ደግሞ ወያላው አለ። «ግባ ግባ አባባ!» ብሎ እጁን ቀድሞ የሚስበው እሱ ነው፤ ሳትሳፈሩ ንገሩት። ሚኒባስ ለዚህ ሰው አይመችም፤ ጋቢናውም ከፍ ይላል። አቅም ከፈቀደ አነስተኛ መኪና ተከራዩ። መጀመሪያ ጀርባውን ለመቀመጫው ሰጥቶ ይቀመጥ፣ ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ አስገቡ። ቀበቶው በተጎዳው ትከሻ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ከሥሩ ትንሽ ፎጣ አድርጉ፤ ክንዱን ጭኑ ላይ በትራስ ደግፉ። የባጃጅና የኮብልስቶን ነገር ሳይነሳ ቢቀር ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ማጠብና ማልበስ

ሲለብስ የተጎዳው እጅ ይቀድማል፤ ሲያወልቅ የተጎዳው ይዘገያል። ይህን ካልያዛችሁ እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዛችሁ እጅጌ ውስጥ ለማስገባት ትታገላላችሁ። የፊት ቁልፍ ያለው ሰፊ ሸሚዝ ወይም ሹራብ ይሁን፤ በራስ የሚጠለቀውን ለጊዜው አስቀምጡት።

ብብቱን ለማጠብ እጁን ወደ ላይ አታንሱ። ተቀምጦ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፤ ክንዱን ከክርኑ ደግፋችሁ ወደ ፊት ስታመጡት ብብቱ ራሱ ይከፈታል። በደንብ አድርቁት፤ እርጥብ ብብት ይቆስላል።

ደረጃ 8፦ ማንቀሳቀስ፣ ግን በልኩ

ሁለት ዓይነት ቤት አለ። አንዱ «እንዳይነካ» ብሎ እጁን እንደ ዕቃ አስቀምጦ ያደርቀዋል። ሌላው «ይፍታታ» ብሎ ይጎትተዋል። ሁለቱም ትከሻ ያጠፋሉ።

የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ጠረጴዛ መጥረግ ነው። ታማሚው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ያጠላልፋል፤ ከሥር ጨርቅ ያደርግና ደህናው እጅ የተጎዳውን እየመራ ወደ ፊት ይገፋል፣ ይመልሳል። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። አሥር ጊዜ፣ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። እጁ ጠረጴዛው ላይ ስላረፈ ክብደቱ ትከሻውን አይጎትትም።

ሁለተኛው በእናንተ እርዳታ ነው። አንድ እጃችሁ ክርኑን ይደግፍ፣ ሌላው ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ላይ ይረፍ። አውራ ጣቱ ወደ ላይ እንደሆነ ክንዱን ወደ ፊት እስከ ትከሻው ከፍታ ብቻ አንሱት፤ አጥንቱም አብሮ ሲንሸራተት በእጃችሁ ይሰማችሁ። ከትከሻ በላይ ማንሳት ባለሙያ አይቶ «ይቻላል» እስኪል ይቆይ። በመካከል ሕመም ከመጣ አቁሙ፤ «ታገስ፣ ያልፋል» አይሠራም። እኛ አገር ያላሳመመ ሕክምና ያልሠራ ይመስለናል። ለትከሻ ተቃራኒው ነው።

እጁ ጥቂት እንኳ መንቀሳቀስ ከጀመረ ሥራ ስጡት፤ ትሪ ላይ ምስር መልቀም፣ ልብስ ማጠፍ፣ ስኒ ወደ ራሱ ማስጠጋት። ጡንቻ ሲመለስ ዝቅ ያለው ትከሻም ብዙ ጊዜ ይሰበሰባል።

አሁን ኑዛዜዬ። ሥራ እንደጀመርኩ አንድ ቤት በር ላይ ገመድ በመዘውር ሰቀልኩ፤ በደህናው እጅ አንዱን ጫፍ ሲስቡ የተጎዳው ወደ ላይ እንዲወጣ። ቤተሰቡ ደስ አለው፤ ሽማግሌው ጎበዝ ስለነበሩ ጠዋት ማታ ይስቡ ነበር። በወሩ ትከሻቸው አብጦ ጠበቀኝ። በኋላ ሳነብ በ1990 እ.ኤ.አ. ሦስት ዓይነት እንቅስቃሴን ያነጻጸረ አንድ አነስተኛ ጥናት አገኘሁ፦ በባለሙያ እጅ ከተንቀሳቀሱት 8 በመቶው፣ ገመድ ከሳቡት ግን 62 በመቶው የትከሻ ሕመም ይዟቸዋል። ገመድ ክንዱን ያነሳል እንጂ ጠፍጣፋውን አጥንት አያዞርም፤ ጅማቱ መሃል ላይ ይቀረቀራል። አሁንም በየቤቱ ገመድ ተሰቅሎ አያለሁ። አውርዱት።

ስለ ወጌሻ መናገሬ አይቀርም። ወጌሻ የሚያውቀው ውልቃት ሲመልሱት ቦታው የሚቀመጠውን ነው። ይህኛው ግን የወረደው ያዡ ጡንቻ ስለዛለ ነው፤ ቢመልሱት እጃቸውን ሲለቁት ተመልሶ ይወርዳል። በመካከሉ የሚጎዳው ጅማቱ ነው። በቅባት ቀስ ብሎ ማሸት ከሆነ አልጣላም፤ መጠምዘዝና መሳብ ከሆነ እምቢ በሉ። ጸበል ለምትወስዱም እንዲሁ፤ አትሂዱ አልልም፣ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ሳይቋረጥ፣ ሲገባም ሲወጣም በወገቡ ይያዝ።

ደረጃ 9፦ የክንድ ማንገቻ

አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ጨርቅ ሁሉም ሰው ገዝቶ ይጠብቀኛል። እጁ በጣም ለዛለበት ሰው ሲቆምና ሲሄድ ክብደቱን ለመያዝ ይጠቅማል። ሲቀመጥና ሲተኛ ግን አውልቁት፤ ጠረጴዛና ትራስ ይተካዋል። ቀንና ሌሊት ከታሰረ ክንዱን አጥፎና ወደ ውስጥ አዙሮ ያደርቀዋል፤ እኛ የምንፈራውን ቅርጽ በገዛ እጃችን ማስተማር ነው። ክንዱ መገተር ከጀመረ ለፊዚዮቴራፒስታችሁ አሳዩና እንዲቀጥል ወይም እንዲቀር ይወስን።

ደረጃ 10፦ ሕመሙ ከመጣ

መጀመሪያ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና ጉተታውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ አዲስ አስታማሚ ገብቷል ወይም ጠያቂ በዝቷል።

ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ። ደም ግፊት ይጨምራሉ፤ ለስትሮክ ከሚሰጠው አስፕሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ ጋር ሲሆኑ የመድማት አደጋ ያመጣሉ። ሐኪም እስክታዩ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ የጉበት ችግር ካለ ግን እሱንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሙቀት ከተጠቀማችሁ በራሳችሁ ክንድ ሞክሩት። ስሜት በሌለው ቆዳ ላይ የፈላ ውሃ ጠርሙስና የጋለ ጨው ያቃጠለውን ሰው አክሜያለሁ፤ እሱ ሳያውቅ ቆዳው ተላጠ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ትከሻው ያመዋል» ብቻ አትበሉ። መቼ ጀመረ? ሌሊት ያነቃዋል? ሲያነሳ ነው ወይስ ዝም ብሎም? ወደ ውጭ የሚከፈተው እየቀነሰ ነው? በየሳምንቱ የመዘገባችሁትን ወረቀት ያዙ። በሁሉም አቅጣጫ የደረቀ ትከሻ፣ ግትርነት የሳበው ትከሻና ጅማቱ የተጎዳ ትከሻ ሕክምናቸው ይለያያል፤ ለአንዱ መርፌ፣ ለሌላው ጡንቻ ማላሊያ፣ ለሦስተኛው እንቅስቃሴ ሊታዘዝ ይችላል።

እጁና ጣቶቹ አብጠው፣ ቆዳው አብረቅርቆ፣ ቀለሙ ተለውጦ፣ ጣት ሲነካ የሚያስጮህ ከሆነ ሳምንት አትጠብቁ። ይህ ከትከሻ እስከ እጅ የሚዘልቅ ሕመም ነው፤ ቶሎ ከተያዘ ይሻላል፣ ከዘገየ ጣቶቹን ያደርቃል። ከወደቀ በኋላ ቅርጹ የተለወጠ ትከሻ፣ ትኩሳት ያለበትና የቀላ መገጣጠሚያ፣ ወይም የላይኛው ክንድ በድንገት ማበጥም በዚያው ቀን ይታይ። የግራ ትከሻ ሕመም ከደረት መጨናነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ልብ ሊሆን ይችላል፤ ፊት ከተጣመመ ወይም ንግግር እንደገና ከተያዘ ደግሞ አዲስ ስትሮክ ነው። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ፤ ከዳር ሰፈር ስትደውሉ የብሎክ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሹፌሩ የሚያውቀውን አደባባይ ወይም ቤተ ክርስቲያን ንገሩ፣ አንድ ልጅም መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቅ። አምቡላንሱ ሲደርስም የመጀመሪያው ቃላችሁ «በግራ እጁ እንዳታነሱት» ይሁን።